የግራ እጄ ቤዝ ጊታር

እሑድ፣ 19.10.2014

ገልብጠሽ ያዝሽው አለኝ ባለ ሱቁ። ምኑን ነው የገለበጥኩት? ቤዝ ጊታሩን ሰጠኝ፣ ተቀበልኩት፣ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። እጄ በራሱ ጊዜ ወደሚመቸው ሄደ፤ አንገቱ በቀኜ በኩል፣ ሆዱ በግራዬ። እሱ ቆሞ ይስቃል። ከእጄ ወስዶ አዞረና መለሰልኝ፤ ለሕፃን ማንኪያ እንደሚያስይዙት።

ከመጀመሪያው ልጻፈው፣ አለዚያ በኋላ ለራሴም አይገባኝም። መትናሱ፣ የከተማው የባህል ማዕከል፣ ከበዓላት በኋላ ለአዋቂዎች የሙዚቃ ሁግ የሚሉትን ክበብ ከፈተ፤ በሳምንት አንድ ምሽት ጀማሪዎች ተሰብስበው እንደ ባንድ የሚጫወቱበት። ጊታር ሞልቷል፣ ኦርጋን ሞልቷል፣ ከበሮ ተይዟል። የቀረው የቤዝ ቦታ ብቻ ነበር። እኔም የምፈልገው እሱን ብቻ ነበር። አስተማሪዋ ኢሪና ስሜን ጻፈችና፣ በሚቀጥለው እሑድ የራስሽን መሣሪያ ይዘሽ ነይ፣ ካልያዝሽ ቦታውን ተራ ለምትጠብቀው ሴት እሰጠዋለሁ አለችኝ። የዛሬ ሳምንት ማለት ነው።

ስለዚህ ከሥራ ምሽመረቴ እንደወጣሁ፣ እጄ ገና ሳሙና ሳሙና እየሸተተ፣ መሀል ከተማ ወዳለው የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። በግራ የሚያዝ የለህም ወይ አልኩት። በትእዛዝ ነው የሚመጣው አለ፤ ከወር በላይ ይፈጃል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ከዚያ ምክር ጀመረ። "ጀማሪ ነሽ። ለጀማሪ ሁለቱም እጅ ደደብ ነው። በቀኝ ያዢው፣ ትለምጂዋለሽ።"

ትለምጂዋለሽ። ይቺን ቃል ስሰማ ደሜ ፈላ።

እኔ እኮ ለምጃለሁ። በቀኝ እጽፋለሁ፣ በቀኝ እበላለሁ፣ በቀኝ እጨብጣለሁ። እማየ ናት ያስለመደችኝ፤ ግራ እጄን በመቀነቷ ከወገቤ ጋር አስራ። በግራ ስቆርስ ካየችኝ መቀነቷን ትፈታለች፤ እሷ መቀነቷን ከፈታች ነገር አለቀ፣ እስከ ማታ በአንድ እጄ እውላለሁ። ከጎንደር በሱዳን አድርገን እዚህ ስንደርስ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ በግራዋ ስትጽፍ አየሁና መምህሯ መቼ ነው የምትመታት ብዬ ጠበቅሁ። አልመታቻትም። በማግስቱም ጠበቅሁ። የእኔ ግራ ግን ያኔ ጨርሶ ተገርቶ ነበር።

ምንም ሳልገዛ ወጣሁ። ከስድስት መቶ ሸቅል አላልፍም ብዬ ነበር። አሁን ደግሞ በቀኝ አልገዛም ብያለሁ። እንግዲህ እናያለን።

ሰኞ

ለባሌ ለአለምነህ ነገርኩት። ባልነግረው ይሻል ነበር።

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ "በአርባ ሁለት ዓመትሽ አዝማሪ ልትሆኚ ነው?" አለኝ። ብሆንስ አልኩት። የኛ ሰርግ ላይ አዝማሪ ባይኖር ኖሮ አጎቶችህ ተቀምጠው ሥጋ በልተው ነበር የሚሄዱት።

ደግሞ ለምን ቤዝ ይለኛል። ኦርጋኑ እኮ አንድ ቁልፍ ስትጫኚው ቤዙን ራሱ ይመታልሻል። ይሄ እውነት ነው። እዚህ አገር ሰርጎቻችን ላይ አንድ ሰው ባንድ ኦርጋን ሁሉንም ይሆናል፤ ከበሮው ከቁልፍ፣ ማሲንቆው ከቁልፍ፣ ቤዙ ከቁልፍ። እኔ ያንን ቁልፍ ልተካው ነው አልኩት። ጭንቅላቱን ነቀነቀና ዜናውን ከፈተ።

ሐሳቡን ከየት እንዳመጣሁት አልነገርኩትም። ለዚህ ደብተር ልንገር። የእህቱ ልጅ ሰርግ ላይ የድምፅ ማጉያዎቹ ግማሽ ተበላሹ። ዘፋኙ አፉን ይከፍታል፣ ቃሉ አይሰማም። የኦርጋኑም ቀጭን ድምፅ ጠፋ። የቀረው ከታች ያለው ወፍራሙ ብቻ ነበር። ዱም። ዱም ዱም። አሁን ሰው ሁሉ ይቆማል ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ማንም አልቆመም። ትከሻው እንደሚወርደው ይወርዳል፣ እንደሚወጣው ይወጣል፣ አሮጊቶቹ ሳይቀሩ። ለካ ሰው ሲጨፍር የኖረው ለዘፋኙ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሙዚቃ በሰማሁ ቁጥር ሌላውን ትቼ እሱን ነው የምፈልገው። አውቶቡስ ውስጥ፣ የምሠራበትን የአረጋውያን ቤት አንሶላ ስናጥፍ በምንከፍተው ሬዲዮ፣ ከጎረቤት ግድግዳ። ይሄን ለአለምነህ ብነግረው ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይይዝልኛል።

አሁን አኩርፏል። ይኩረፍ።

ማክሰኞ

ለኢሪና ደውዬ እንድታየኝ ለመንኳት። ትንሽ ጊዜ አለኝ፣ ነይ አለች። አጭር ሴት ናት፣ ከሩሲያ የመጣች፣ ዕብራይስጧ ከእኔም የባሰ። ስለዚህ እንግባባለን።

ጠረጴዛውን በአንድ እጅሽ እንደ ከበሮ ምቺ አለችኝ። ሳላስብ በግራ መታሁ። አሁን በቀኝ። በቀኝም ይመታል፣ ግን እየቆጠረ ነው የሚመታው። ግራዬ አይቆጥርም።

የመትናሱን ቤዝ አወጣችልኝ። የልጆቹ ስለሆነ አታውሰውም፣ ላሳይሽ ብላ ነው። በቀኝ ሞከርኩ፤ ይሆናል። ገልብጬ በግራ ሞከርኩ፤ ክሮቹ ያለ ቦታቸው ሆኑ፣ ወፍራሙ ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ፣ ግን ጣቴ ምቱን ያዘ። ሰርጉ ላይ የሰማሁት ዱም ከእኔ እጅ ወጣ። ሳቅሁ፣ ብቻዬን።

ኢሪና ግን አልሳቀችም። "እውነቱን ልንገርሽ?" አለች። በግራ ከጀመርሽ ዕድሜ ልክሽን የሰው መሣሪያ አንስተሽ መጫወት አትችይም። ሱቅ ገብተሽ አትመርጪም፣ ያለውን ነው የምትገዢው። በቀኝ ከጀመርሽ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ትቸገሪያለሽ፣ ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁሉ ክፍት ነው። ብዙ ግራኞች እንደዚያ አድርገው በደንብ ይጫወታሉ።

አልዋሸችኝም፣ እሱ ነው የከበደኝ። በባለ ሱቁ መናደድ ቀላል ነበር።

ያስጻፈችኝ ይሄ ነው፦

አንገቱ አጠር ያለ ቤዝ ፈልጊ፤ ለትንሽ እጅ ይመቻል፣ ያን ያህልም አይከብድም።
አንገቱን እንደሚያነጣጥር ሰው አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ እይው። ከጎበጠ ተዪው።
አንገቱ ላይ የተደረደሩት ብረቶች ጫፋቸው እጅ የሚቧጭር ከሆነ ተዪው።
እያንዳንዱን ክር በየብረቱ ላይ ተጭነሽ ምቺ። ጢዝ የሚል ቦታ ካለ አትግዢ።
ቀለሙ አይጫወትም።

የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ ነገረችኝ። ጥግ ላይ ያለውን ቀይ ጊታር ሳይ ዓይኔ እንደፈዘዘ አይታለች።

የቀኙን ለግራ መገልበጥም ይቻላል አለች፤ ክሮቹን በተቃራኒ ማሰር ነው። ግን አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉባት ባለ ቦይ ትንሽ ፕላስቲክ አለች። ቦዮቿ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ናቸው። እሷም አብራ ካልተቀየረች ወፍራሙ ክር ቦታው አይገባም።

ረቡዕ

ስልኬ ላይ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጡት መሀል አንድ ቤዝ አገኘሁ። እዚሁ አፉላ ኢሊት፣ ከእኛ ሕንጻ ትንሽ ዝቅ ብሎ። በቀኝ የሚያዝ ነው፣ ግን ይገለበጣል ብዬ ሄድኩ።

ባለቤቱ ቁምጣ ለብሶ በሩን ከፈተ። እንደ አዲስ ነው፣ ሁለቴ እንኳ አልተነካም ይላል። ቀይ ነው፣ የሚያብረቀርቅ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አንገቱን አየሁት፤ መሀሉ ላይ ጎበጥ ብሏል። ክሮቹ ከእንጨቱ ርቀው ተሰቅለዋል፣ ለመጫን ጉልበት ይጠይቃል። አንገቱ ጎብጧል አልኩት። "ምንም አይደል፣ ውስጡ ብሎን አለ፣ ይስተካከላል" አለኝ። እንግዲያው አስተካክለውና ደውልልኝ አልኩት።

አሳንሰር ሳልጠብቅ በደረጃ ወረድኩ። ደስ አለኝ። ቀይ ቤዝ እምቢ ብያለሁ፤ እኔ፣ ቀይ ጫማ ዐይቼ የማላልፈው።

በግራ የሚያዝ አንድ ሐይፋ አገኘሁ። ስደውል ተሽጧል። ዕድል።

ሐሙስ

ከሥራ በኋላ ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር፣ እማየ ጋ። ከኩፓት ሆሊም ክሊኒክ መድኃኒቷን ወስጄ ላደርስላት ነበር።

ምስር እየለቀመች ነበር። ሳላስበው ከአፌ ወጣ፦ እጄን ለምን አሰርሽው አልኳት። እስከዛሬ ጠይቄያት አላውቅም።

አልደነገጠችም። ምስሯንም አላቆመችም። "በግራው ከሚቆርስ ሰው ጋር ማን አብሮ ይበላል? ማንስ ያገባሽ ነበር?"

ያመኝ ነበር አልኳት።

"ያማል፤ ምነው አያምም። ቀኝሽ ምን ጎደለው? ጻፍሽበት፣ ሠራሽበት፣ ልጅ አሳደግሽበት።" ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና "ዛሬም ብትወለጂ አስርሽ ነበር" አለች። እንዲሁ፣ በረጋ ድምፅ። ድርቅናዬን ከማን እንደወረስኩ ማንም እንዳይጠይቀኝ።

ስለ ቤዙ ነገርኳት። ክራር ነው ወይ አለችኝ። ትልቅ ክራር በይው፣ አንገት ያለው አልኳት። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ይከብዳል ወይ ብላ። የአራስ ልጅ ያህል አልኳት። እህ ብላ ወደ ምስሯ ተመለሰች።

ተናድጄ ወጣሁ። አውቶቡሱ ቁልቁል ሲወርድ ግን ንዴቴም አብሮ ወረደ፣ ባዶዬን ቀረሁ። እሑድ ቅርብ ነው። ሴትዮዋ ቦታዬን ትጠብቃለች። ኢሪናም ቢሆን በቀኝ ይሻላል ነው ያለችው፣ ባለ ሱቁም፣ እማየም። ሁሉም ተሳስተው እኔ ብቻዬን ልክ ልሆን ነው? ነገ ሄጄ በቀኝ እገዛለሁ። ደክሞኛል።

ዓርብ፣ ሰንበት ከመግባቱ በፊት

ቶሎ ቶሎ ልጻፍ።

ጠዋት ሱቁ ሄድኩ፣ በቀኝ ልገዛ። እውነቴን ነው፣ ቆርጬ ነበር የሄድኩት። ሰውየው አንድ አጭር ቤዝ አወጣልኝ። ቡናማ፣ ምንም የማያምር፣ ሆዱ ላይ እንደ ቀንድ የወጡ ሁለት ጆሮዎች ያሉት፣ ጆሮዎቹ እኩል። መስኮት ላይ ተሰቅሎ ፀሐይ በልቶታል፣ ጎኑም ተጭሯል፣ ስለዚህ ዋጋው ከስድስት መቶ በታች ወርዷል። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁት፤ አንገቱ ቀጥ ያለ። ብረቶቹን ዳሰስኩ፤ አይቧጭሩም። ክሮቹን አንድ በአንድ መታሁ፤ አንድም ጢዝ የሚል የለም። ሰውየው እጁን አጣምሮ ያየኛል።

በቀኝ ያዝኩት። በቀኝ መታሁት።

"አየሽ?" አለኝ። "እየለመድሽው ነው።"

እሱ ዝም ቢል ኖሮ ገዝቼ ሄጄ ነበር። ቤዙን ጭኔ ላይ ገለበጥኩና፣ ክሮቹን ለግራ እሰርልኝ፣ ያቺንም ባለ ቦይ ፕላስቲክ ቀይርልኝ፣ እከፍላለሁ አልኩት። ዛሬ ዓርብ ነው አለ። አውቃለሁ። እዘጋለሁ አለ። ዝጋ። ከተገለበጠ መልሼ አልቀበልሽም አለ። ማን ይመለስልኝ አለህ። ካልገለበጥክልኝ አልገዛም ብዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አደረግሁ፣ የባንክ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው።

እያጉረመረመ መሳቢያ ከፈተ። ሲፈልግ፣ ሲፈልግ ቆየና ከታች አንዲት የግራ ፕላስቲክ አወጣ። አቧራዋን እፍ አለ። ይቺን የገዛኋት መቼ እንደሆነ እንኳ አላስታውስም አለኝ። አሮጌዋን በመዶሻ ኮርኩሮ አነሳ፣ አዲሷን በሙጫ አስቀመጠ፣ ክሮቹን ፈትቶ በተቃራኒ አሰረ፣ ቃኘው። ሲጨርስ ራሱ ገልብጦ ያዘና ሊመታ ሞከረ። አልሆነለትም። ደስ እያለኝ ከእጁ ተቀበልኩት።

አምፕሊፋየር አልገዛሁም። መትናሱ ውስጥ አለ። ቤት ውስጥ አገጬን ሆዱ ላይ ሳስደግፈው ድምፁ በአጥንቴ በኩል ይመጣል፣ ለማንም አይሰማም። ርካሹን ማንገቻ ብቻ ጨመርኩ።

ቤት ስደርስ ችግር። ማንገቻው የሚያዝበት ጉጥ ቤዙ ሲገለበጥ ወደ ታች ሄዷል። አለምነህ ቆሞ አየኝ። እስካሁን አላናገረኝም። ጠመዝማዣ አመጣ፣ ጉጡን ፈታ፣ ላይኛው ጆሮ ላይ አሰረው፣ ጠመዝማዣውን ይዞ ሄደ። አሁንም አላናገረኝም። ግን እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ በቀጭን መብሻ ቀድሞ በስቶት ነበር፤ አይቻለሁ።

ቆሜ አነገትኩት። አንገቱ ወደቀ። የአንገቱ ጫፍ ከበደና ሆዱ ቀለለ፤ ማንገቻው ናይለን ነው፣ ትከሻዬ ላይ ይንሸራተታል። ቀኝ እጄ ክር መጫኑን ትቶ አንገት ደጋፊ ሆነ። አሳጠርኩት፤ ወደቀ። አስረዘምኩት፤ ወደቀ።

ሻማ ሊለኮስ ነው። ይበቃል።

ቅዳሜ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ

እማየ ሰንበትን እኛ ጋ ነው ያሳለፈችው፤ አለምነህ ትናንት ከሰዓት በመኪና አምጥቷት። ቀኑን ሙሉ ቤዙ ጥግ ላይ ቆሞ እሷም ታየዋለች፣ እኔም አየዋለሁ፣ ማናችንም አላነሳነውም።

ሰንበት እንደወጣ አነገትኩት። ወደቀ። ወንበር ላይ ተቀምጬ ብጫወትስ ብዬ ሳስብ እማየ ከሶፋው "እንዲህ ነው እንዴ የምትሸከሚው?" አለችኝ።

"አራስ ልጅ በገመድ ይታዘላል?"

እግሯን ያማታል፣ ግን ተነሳች። መቀነቷን ፈታች። እሷ መቀነቷን ስትፈታ ዛሬም ግራ እጄን ከኋላዬ እደብቃለሁ፤ በአርባ ሁለት ዓመቴ፣ በገዛ ሳሎኔ። የናይለኑን ማንገቻ አውልቃ ጣለችው። መቀነቷን ሰፋ አድርጋ አጠፈች፣ በቀኝ ትከሻዬ ላይ አሳለፈች፣ በጀርባዬ አውርዳ በግራ ብብቴ ሥር አወጣች፣ አንዱን ጫፍ ከላይ፣ አንዱን ከታች ጉጦቹ ላይ ቋጠረች። ልጅ ስታዝል እንደምታደርገው በወገቧ ገፋ አድርጋ ክብደቱን ሞከረች። ጥጥ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ሸሚዜን ያዘው። የቤዙ አንገት ቀጥ ብሎ ቆመ። እጄን ለቀቅሁት። አልወደቀም።

ከዚያ በግራዬ በኩል ዞራ መጣች። ክርኔን ያዘች፣ ከፍ አደረገች፣ ዝቅ አደረገች።

"ግራሽ ይንቀሳቀሳል?" አለችኝ።

ይንቀሳቀሳል አልኳት።

"አይጠብቅሽም?"

አይጠብቀኝም አልኳት።

ቋጠሮውን አንድ ጊዜ ሳብ አደረገችና ተመልሳ ተቀመጠች። ፊቷን አየሁት። ታስታውስ እንደሆነ፣ አስባ ያደረገችው እንደሆነ ፈለግሁ። ምንም አላገኘሁም። እግሯን እያሸች ውሃ ስጪኝ አለች። መቀነቱ ያው አይደለም፤ የያኔው ሱዳን ቀርቷል። እጆቿ ግን እነዚያው ናቸው።

ውሃውን ልቀዳ ኩሽና ገባሁና አለቀስኩ። እዚህ ብጽፈው ማን ያየኛል። ይቅርታ እንድትጠይቀኝ ፈልጌ ነበር፤ አልጠየቀችኝም፣ አትጠይቀኝምም። አልታረቅኋትም። ግን ቤዙ ቆሟል።

አለምነህ እሷን ሊያደርስ ሲወጣ በሩ ላይ ቆመና "ማሲንቆው ስንት ሰዓት ነው ነገ?" አለኝ። ቤዝ ነው አልኩት። ስድስት ሰዓት ማታ፣ በፈረንጅ። አደርስሻለሁ አለ።

እሑድ

ሄድኩ። ያቺ ተራ የምትጠብቀው ሴትም ምናልባት ብላ መጥታ ነበር፣ በሩ አጠገብ ተቀምጣ። ወጣት ናት፣ ታሳዝናለች። አሳዘነችኝ፣ ግን አልተነሳሁም።

አንዱ ጊታር የያዘ ሰውዬ አየኝና ገልብጠሽ ያዝሽው አለኝ። አልገለበጥኩትም አልኩት። ኢሪና ቀና ብላ እኔን፣ ቤዙን፣ መቀነቱን አየች። ትከሻዬ ላይ ያለውን ጨርቅ ዳሰሰችና የት ነው የሚሸጠው አለች። አይሸጥም አልኳት።

አንድ ድምፅ ብቻ ሰጠችኝ። አንዷን ክር ሳልጫናት፣ እሷኑ ደጋግሜ እንድመታ፣ ሌሎቹ ከላይ እንዲሞክሩ። ጊታሮቹ ከምቱ ጠፉ። ኦርጋኑ ጠፋ። ከበሮ የሚመታው ሰውዬ በላብ ተጠመቀ። እኔ እዚያችው ላይ ቀረሁ። ዱም። ዱም ዱም። ትንሽ ቆይተው አንድ በአንድ ወደ እኔ ተመለሱ። ኢሪና ስሜን ዝርዝሩ ላይ በእስክሪብቶ ደገመችበት። ተራ ጠባቂዋ ሴት ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

የጣቴ ጫፍ ውሃ ቋጥሯል። ልማድ ነው አሉኝ፣ ይጠነክራል። ልቀጥለው መቻሌን አላውቅም። ሁለት ድምፅ ሲሰጡኝ ምን እንደምሆን አላውቅም። ኢሪና እንዳለችው የሰው ቤዝ አንስቼ መጫወት አልችልም፤ ይሁን፣ የራሴ አለኝ።

አሁን እማየ ደወለች። እንዴት ሆነልሽ አላለችኝም። መቀነቴን ለስግድ በዓል እፈልገዋለሁ፣ አጥበሽ አምጪልኝ አለች።

አልመልስም አልኳት። ሌላ እገዛልሻለሁ፣ ያንን ግን አልመልስም።

እህ አለች። ተቆጣች? ሳቀች? በስልክ አይለይም። ከዚያ "እንግዲያው ቋጠሮውን አጥብቂው" ብላ ዘጋችው።

ይቺን የመጨረሻዋን መስመር በግራ እጄ ነው የጻፍኳት። ፊደሎቹ ተንጋደዋል፣ ይንጋደዱ።